የማይበላሽ ሃርድ ዲስክ ለምትፈልጉ ሁሉ

በሳምንት ቢያንስ አንዴ ይህች ጥያቄ ትመጣለች። አንዳንዴ በቴሌግራም፣ አንዳንዴ ቡና ላይ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሻጩ ፊት ቆሞ ከሚደውል ሰው። «አንተ ቀኑን ሙሉ ከዚህ ነገር ጋር ነው የምትውለው። የትኛውን ልግዛ? የማይበላሸው የቱ ነው?»

የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። ሙሽሮች ጥሬ ቀረጻውንም እንፈልጋለን ሲሉ «እሺ፣ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ኑ» እላቸዋለሁ። ይዘው ይመጣሉ። አዲስ፣ አሮጌ፣ ከአሜሪካ የተላከ፣ ከዱባይ የመጣ፣ ከወንድም የተዋሱት፣ ውስጡ የኮሪያ ድራማ ጢም ብሎ የሞላበት። ጠረጴዛዬ ላይ ያልተቀመጠ ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። እና ለጥያቄው ያለኝ መልስ አንድ ነው፤ የማይበላሽ የለም። ይህን ስል ሰው ቅር ይለዋል። የዕቃ ስም ሲጠይቀኝ ፍልስፍና የማወራ ይመስለዋል። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፈው፤ ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ይህንኑ እልክለታለሁ።

መጀመሪያ ግን የራሴን ጉድ ልናገር።

ጥር ነበር። የሰርግ ሥራ የሚያውቅ ሰው ጥር ሲባል ይገባዋል፣ እንቅልፍ የለም። ቅዳሜ ሰርግ፣ እሑድ መልስ፣ ሰኞ ደግሞ የሌላ ሰው ጉዳይ። እሑድ ማታ የመልሱን ቀረጻ ከካሜራዎቹ ካርድ ወደ ሃርድ ዲስኬ ገለበጥኩ። ሲያልቅ ሁለት ሦስት ፋይል ከፍቼ አየሁ፣ ይሠራል። ካርዶቹ ለሰኞ ስለሚያስፈልጉ ፎርማት አድርጌ ባዶ አደረግኋቸው። ማክሰኞ ማታ ቁጭ ብዬ ስሠራ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው አልደነገጥኩም። ስልኬ ሌላ ክፍል ነበርና በባትሪው ልይ ብዬ ብድግ ስል እግሬን ገመድ ያዘኝ። የቻርጀሩ መሰለኝ። አልነበረም። ሃርድ ዲስኩ ከጠረጴዛው ተንሸራቶ ሴራሚኩ ላይ አረፈ። ከፍታው ቢበዛ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። ድምፁም ያን ያህል አልነበረም፣ ስልክ ከኪስ ሲወድቅ የሚያሰማውን ታህል። አንስቼ መልሼ ሰካሁት። ጠቅ። ዝም። ጠቅ። ዝም። ጠቅ።

ያችን ድምፅ የሚያውቃት ያውቃታል።

ውስጡ የሆነው ይህ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ክብ ሳህኖች አሉ። በተለመደው ተንቀሳቃሽ ዲስክ ሳህኑ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፣ በሰከንድ 90 ጊዜ ማለት ነው። የሚያነበውና የሚጽፈው ጭንቅላት ሳህኑን አይነካውም። ሳህኑ ሲዞር በሚፈጥረው ስስ አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሄደው። መሃላቸው ያለው ክፍተት በናኖ ሜትር ነው የሚለካው፤ አንዲት የፀጉር ዘለላ ከዚያ ክፍተት በብዙ ሺህ እጥፍ ትወፍራለች። እየዞረ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ሳህኑን ይቧጭራል፣ በቃ። ጠፍቶ ሳለ ቢወድቅ ኖሮ ጭንቅላቱ ማረፊያው ላይ ስለሚሆን የመትረፍ ዕድሉ ብዙ ነበር። መጣላችሁ ካልቀረ ጠፍቶ ጣሉት።

ቀጥሎ የሠራሁት ስህተት ከመጀመሪያው ይብሳል። ጓደኛዬ «አንድ ልጅ አለ፣ ያወጣልሃል» ብሎ ወሰደኝ። የሱቁን ስም አልጠራም። ልጁ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቀኝ ካቻቢቴ አንስቶ ክዳኑን ከፈተው። እዚያው ባንኮኒው ላይ፣ በሩ ወለል ብሎ፣ የመንገዱ አቧራ እየገባ። ይህ ሥራ የሚሠራው አየሩ በተጣራ ልዩ ክፍል ውስጥ እንደሆነ ያኔም አውቅ ነበር፤ ግን ተስፋ ያደረገ ሰው አፉ ይያዛል። ልጁ ሳህኑ ላይ ያለችውን ቀጭን ጭረት አየና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። በሸሚዙ! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ውጭ አገር ልኮ የማስወጣት ዕድል ነበረኝ፣ ከዚያ በኋላ ግን አለቀ። (ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት የሚሏችሁም አሉ። እንዳታደርጉት። ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል።)

ከዚያ የሙሽራዋ እናት ጋ ደወልኩ። ሙሽሮቹ ጫጉላ ላይ ነበሩ፤ ከፋዩዋም እሳቸው ናቸው።

«ማዘር፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደረሰ እንዴ?»

ነገርኳቸው። ዝም አሉ።

«የሰርጉም?»

«የሰርጉ አለ። የመልሱ ነው።»

«አባባ የመረቁት?»

«አዎ፣ እሱም።»

«እና ምን ይሁን ልጄ፣ መልሱን ደግመን እንጥራ?»

አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም።

ቪዲዮው የተረፈው ከሰዎች ስልክ ነው። እሳቸው ራሳቸው ዘመድ ሁሉ ጋ እየደወሉ አስላኩልኝ። 11 ስልክ። ዳቦው ሲቆረስ ከሦስት አቅጣጫ ተገኘ። የአያትየው ምርቃት ግን ያለው አንድ የአክስት ልጅ ስልክ ላይ ብቻ ነበር፣ ስልኩን አቁማ የቀረጸችው፣ ከግራ በኩል ጥግ ላይ አውራ ጣቷ ገብቶ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ሦስት ሌሊት ፈጅቼ አቀናበርኩት፤ ገንዘብ አልተቀበልኩም። ከዚያ ወዲህ ነው ስለ ሃርድ ዲስክ ማንበብ የጀመርኩት። የበሬ ወለደ ወሬ እንዳይሆንብኝ ደግሞ በእጄ የሚገባውን ሁሉ መፈተሽ ጀመርኩ።

እሺ፣ ብራንድ። አንድ ነገር ብታውቁ ግማሹ ክርክር ያበቃል። ዛሬ በዓለም ላይ ይህን የሚሽከረከር ዲስክ የሚሠሩት ሦስት ኩባንያዎች ብቻ ናቸው፦ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ። ሳምሰንግ የዲስክ ክፍሉን በፈረንጆቹ 2011 ለሲጌት ሸጧል። የሂታቺው ደግሞ በ2012 ወደ ዌስተርን ዲጂታል ሄዷል። የፊልም ሰዎች የሚኮሩበት ያ ብርቱካናማ ላስቲክ የለበሰው ላሲም የሲጌት ንብረት ነው። አንዱ ደንበኛዬ «እኔ ሲጌት አልነካም፣ ላሲ ነው የምጠቀመው» ብሎኝ ያውቃል። ዝም አልኩት። ትራንሴንድም ሆነ ኤዳታ ከውጭ ያለውን ልብስ ይሠራሉ እንጂ ውስጡ ያለው ዲስክ ከሦስቱ የአንዱ ነው። ስለዚህ «እከሌ ይበላሻል፣ እከሌ አይበላሽም» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ዕድል ነው። የአንዱ ስለሞተበት ኩባንያውን ዕድሜ ልኩን ይረግማል፤ የሌላው ስለቆየለት ይምላል።

ቁጥር ለሚወድ ሰው ባክብሌዝ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አለ። የሰው ፋይል በክፍያ የሚያስቀምጥ ነው። ከ2013 ጀምሮ የዲስኮቹን ሞት እየመዘገበ ለሕዝብ ያወጣል፣ የትኛው ሞዴል ስንት እንደሞተ ሳይቀር። በቅርብ ዓመታት በአማካይ በዓመት ከመቶው አንዱ ወይም ሁለቱ ይሞታሉ። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን እነዚያ ዲስኮች ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተደርድረው፣ መብራት ሳይጠፋባቸው፣ ማንም ሳይነካቸው የሚኖሩ ናቸው። የእኛዎቹ ቦርሳ ውስጥ ከውኃ ላስቲክና ከምሳ ዕቃ ጋር ነው የሚጓዙት። ደግሞም እዚያው ዝርዝር ውስጥ የአንድ ኩባንያ አንዱ ሞዴል ጎበዝ፣ ሌላው ሰነፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የብራንድ ክርክር እኔ ዘንድ እዚያ ላይ ነው የሞተው።

«ከመሞቱ በፊት ምልክት ያሳያል» የሚሉም አሉ። አንዳንዴ ያሳያል። ጉግል በ2007 ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮቹን አጥንቶ ያወጣው ጽሑፍ አለ። ከሞቱት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ዋና ዋና ከሚባሉት አራት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም ነበር። ድንገት ነው የሄዱት። ምልክት ካያችሁ እመኑት። ምልክት አለማየት ግን ጤና አይደለም።

ታዲያ ስገዛ ምን አያለሁ? እሱን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ዕቃው የእውነት ዲስክ መሆኑን። ሳቁ፣ ግን የምሬን ነው። ባለፈው አንድ ሙሽራ ባለ 16 ቴራ ይዞ መጣ። የክብሪት ቀፎ ሁለት ያህላል፣ በቴሌግራም ነው የገዛው፣ ዋጋው ደግሞ የአንድ ቴራ እንኳ አይሞላም። «አሪፍ ዲል አገኘሁ» አለኝ። ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ እውነትም 16 ቴራ ይላል። ኪስ የሚገባው የሚሽከረከር ዲስክ ግን ለዓመታት ከ5 ቴራ አላለፈም፣ 6 ቴራው የመጣው በ2024 ነው። ልጁ ፊት ከፈትነው። ውስጡ አንዲት ሚሞሪ ካርድ በሙቅ ሙጫ ተለጥፋለች፣ ከጎኗ ደግሞ ክብደት እንዲኖረው አንድ ቁራጭ ብረት። ሿሿ ተሠርቷል። የሚያናድደው ነገር ይህ ዕቃ ኮፒ ስታደርጉበት አይከለክልም። ካርዷ ከሞላች በኋላም ዝም ብሎ ይቀበላል። የፋይሉ ስም ይታያል፣ መጠኑም ይታያል፣ ስትከፍቱት ባዶ ነው። ሰው ይህን የሚያውቀው ከወራት በኋላ ነው፣ ካሜራው ካርድ ላይ ሌላ ነገር ከተጻፈበት በኋላ።

መፈተሻው ነጻ ነው። በዊንዶውስ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው፣ በማክና በሊኑክስ ኤፍ ስሪ የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ዲስኩን እስከ አፉ ሞልተው ጽፈው መልሰው ያነባሉ። ለ2 ቴራ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ማታ አስነስታችሁ ትተኛላችሁ፣ መብራት ካላጠፉባችሁ ጠዋት መልሱን ታገኛላችሁ። አዲስ ዲስክ ስገዛ ይህን ሳላደርግ አንድ ፋይል አላስቀምጥበትም። (1 ቴራ ገዝታችሁ ዊንዶውስ 931 ጊጋ ቢላችሁ ግን አልተጭበረበራችሁም። ፋብሪካው በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024። ስለዚህ ጉዳይ ከሻጭ ጋር የተጣላ ሰው አውቃለሁ።)

ሁለተኛ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ። መኪና ስትገዙ ኪሎ ሜትሩን ታያላችሁ አይደል? ዲስክም አለው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የምትባል፣ የዲስኩን ጤናና የሠራውን ሰዓት የምታሳይ ትንሽ ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ስላለች ሱቅ ስሄድ ላፕቶፔን ይዤ ነው። አንዴ «ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም፣ ኦሪጅናል ነው» የተባለልኝን ዲስክ እዚያው ሰካሁት። ከ31 ሺህ ሰዓት በላይ ሠርቷል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። ይህ ዕቃ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ሠርቷል ማለት ነው፤ በእኔ ግምት ከደህንነት ካሜራ መቅጃ ወጥቶ አዲስ ልብስ የለበሰ ነው። ሻጩን ሳሳየው «እሱ ፕሮግራም ነው የሚሳሳተው» አለኝ። እኔም ላፕቶፔን ዘግቼ ወጣሁ።

ያችም ቁጥር ብትሆን ልትዋሽ ትችላለች። በ2025 መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ በአዲስ ዋጋ የተሸጡ የሲጌት ዲስኮች ያገለገሉ ሆነው ተገኙ፤ ቆጣሪያቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ ነበር። መኪናን ኪሎ ሜትር እንደሚቀንሱት ማለት ነው። ስለዚህ ዜሮ ስላያችሁ ብቻ አትጨፍሩ፣ ጠርዙን እዩት፣ ጭረት ካለው፣ መሰኪያው ከላላ ተውት። ያገለገለ አትግዙ አልልም፣ ኑሮው ይታወቃል። ግን ያገለገለ መሆኑን አውቃችሁ፣ በያገለገለ ዋጋ፣ ለማይቆጭ ነገር ግዙት። ለፊልም ማጠራቀሚያ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ መብራት። ትልቁ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዲስክ የራሱ አዳፕተር አለው፣ ከግድግዳ ነው የሚበላው። በቴራ ሲታሰብ ርካሽ ነው። ነገር ግን እየጻፈ ሳለ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። ትንሹ በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ስለሚበላ የላፕቶፑ ባትሪ ይታደገዋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከሌላችሁ እኔ ትንሹን ነው የምመክረው። ፈረንጆቹ የሚጽፉት ምክር ላይ ይህ ነገር አይነሳም፣ እዚያ መብራት በቀን ሁለቴ አይጠፋማ።

ኬብልም አለ። አብዛኞቹ ያቺ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ መሃሏ የተቆረጠ የምትመስል መሰኪያ ናቸው። እሷ ስትላላ ዲስኩ የሞተ ይመስላል፣ በመሃል ይጠፋል፣ ይመለሳል። ዲስኬ ሞተ ብለው ካመጡልኝ ሰዎች ውስጥ ስንቱን በ5 ደቂቃ ኬብል ቀይሬ ሸኝቻለሁ። አንዳንድ ሞዴሎች ላይ፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የዌስተርን ዲጂታል ትንንሽ ዲስኮች ላይ፣ መሰኪያው ከዲስኩ ሰሌዳ ጋር አንድ ላይ የተበየደ ነው። ከተሰበረ ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ልብስ ውስጥ መክተት አትችሉም። እኔ ምርጫ ካለኝ ውስጡ ተራ ዲስክ የሆነውን እመርጣለሁ። ካልሆነ ደግሞ መሰኪያውን እንደ እንቁላል ነው የምይዘው።

አራተኛው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው፣ ሌላው ሰው ሊዘለው ይችላል። አሁን ያሉት አብዛኞቹ ትንንሽ ዲስኮች መረጃውን የሚጽፉት እንደ ጣራ ቆርቆሮ ነው። አንዱ መስመር የሌላውን ጫፍ ይደርባል፣ በዚያው ሳህን ላይ ብዙ ይገባል። ችግሩ አንዱን ቆርቆሮ መቀየር ሲያስፈልግ ከላዩ የተደረቡትን ሁሉ ማንሳት ግድ ነው። ስለዚህ አንዴ ጽፎ ለማስቀመጥ ጥሩ ነው። እላዩ ላይ ቪዲዮ ልሥራ፣ ልሰርዝ፣ መልሼ ልጻፍ ካላችሁ ግን በመሃል ትንፋሹ ያጥረዋል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ዲስኬ ሊሞት ነው» ይላል። አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው።

«ታዲያ ኤስኤስዲ ግዛ በለን እና ገላግለን» የሚል አይጠፋም። ኤስኤስዲ በሳህን ፋንታ በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ነው፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ ቢወድቅ ግድ አይሰጠውም፣ ፈጣን ነው። እኔም ቀረጻ ቦታ ላይ የምይዘው እሱን ነው። ከፍታን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ቅድም ጭንቅላቱ አየር ላይ ነው የሚንሳፈፈው አላልኩም? አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ የዲስክ መግለጫዎች ላይ ሲሠራ እስከ 3,050 ሜትር ገደማ የሚል ገደብ የምታገኙት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚህ ችግር የለም። ሰሜን ተራሮች ላይ ግን ጨነቅ ካምፕ ብቻውን 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ጭላዳና ዋልያ ሊቀርጹ ከሚወጡ ልጆች ጋር አንዴ ሄጄ ማታ ማታ ድንኳን ውስጥ በሚሽከረከር ዲስክ ስንገለብጥ ነበር። ምንም አልሆነም፣ ግን መግለጫውን ያነበብኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ ላብ አጠመቀኝ። ለተራራ ኤስኤስዲ ያዙ።

ግን ኤስኤስዲ ሲሞት ጠቅ እንኳ አይልም። ትናንት ነበረ፣ ዛሬ የለም። በ2023 ታዋቂ የሆኑት የሳንዲስክ ኤክስትሪም ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲዎች የሰው ፋይል አጥፍተው ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። ስሙ የገነነ ዕቃ ነበር። ደግሞም ሳይሰካ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ የተሠራ ነገር አይደለም፣ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ሲቆይ የያዘው ቀስ እያለ ሊሳሳበት ይችላል። ለሥራ ኤስኤስዲ፣ ለማስቀመጥ የሚሽከረከረው። የእኔ ክፍፍል ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው ሱቅ ሲገባ ያለውን ብር ሁሉ ለአንድ ትልቅ፣ ምርጥ፣ ውድ ዲስክ ያወጣል። ባለ 4 ቴራ ገዛሁ ብሎ ይኮራል። ከዚያ ከላፕቶፑ፣ ከድሮ ፍላሾች፣ ከስልኩ ሁሉንም እዚያ ያጠራቅምና ቦታ ለማስለቀቅ ከቀድሞው ቦታ ይሰርዛል። ይህን ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይለዋል። ባክአፕ አይደለም፣ ዕቃ ማዛወር ነው። እንደ እኔ ካርዶቹን ፎርማት ማድረግ ማለት ነው። የዚያን ጥር ሰሞን ዲስኬ በጣም ጥሩ ዲስክ ነበር፣ አዲስ፣ ስሙ ያለው። የጎደለኝ ጥሩ ዲስክ ሳይሆን ሁለተኛ ዲስክ ነው። በአንዱ ባለ 4 ቴራ ፋንታ ሁለት ባለ 2 ቴራ ግዙ፣ ቢቻል ከተለያየ ኩባንያ፣ ወይም ቢያንስ በተለያየ ጊዜ፣ አንድ ካርቶን ውስጥ አብረው የመጡ ዲስኮች አብረው የመታመም ጸባይ ሊኖራቸው ይችላል። ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፈር ያስፋፋት ቀመር አለች፦ 3 ቅጂ፣ 2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። እኛ አገር ሦስተኛዋ ናት የምትከብደው። ኢንተርኔት ላይ ልጫን ካላችሁ፣ የአንድ ሰርግ ጥሬ ቀረጻ 400 ጊጋ ይሆናል እንበል፤ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ሳይቋረጥ ከ7 ቀን በላይ ይፈልጋል። ሳይቋረጥ!

እኔ ለዚህ መላ ያገኘሁት ከሙሽራዋ እናት ነው።

የተጠገነውን ቪዲዮ ሊወስዱ ሲመጡ አዲስ ዲስክ ገዝተው ነበር። ገልብጬ ስሰጣቸው አገላብጠው አዩትና «ይሄስ ስንት ዓመት ይኖራል?» አሉኝ። ያኔ ብዙ አንብቤ ስለነበር መዋሸት አልሆነልኝም። «አምስት ዓመት ከኖረ ጥሩ ነው ማዘር» አልኩ።

«አምስት? የባለቤቴ ቴፕ እኮ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ እየዘፈነ ነው።»

ምን ልበል። በነጋታው ሌላ ዲስክ አስላኩልኝና «እዚህም ላይ አድርግልኝ፣ ለእህቴ አዳማ ልሰድላት ነው። የእኔ ሲሞት የሷን አመጣለሁ» አሉ። ማንም አላስተማራቸውም። እኔ ቀመሩን ያነበብኩት ከፈረንጅ ነው።

ዲስኩን ደግሞ አያስቀምጡትም። በየዓመቱ ገና ሲመጣ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰኩታል። አያትየው ፊት ለፊት ይቀመጡና የራሳቸውን ምርቃት ይሰማሉ፣ አንዳንዴም «እንዲህ አላልኩም» ብለው ይከራከራሉ። ዘንድሮ ከበዓሉ ማግስት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አባባ ሊናገሩ ሲነሱ ሥዕሉ ቀጥ ይላል፣ ወደፊት አይሄድም።» ሄድኩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ቢጫ፣ ማስጠንቀቂያ ማለት ነው፣ አሳየችኝ፤ ሊነበቡ ያልቻሉ 8 ቦታዎች አሉ፣ ከእነሱ አንዱ ምርቃቱ ላይ ነው ያረፈው። ከዚህ ሁሉ ሰፊ ሳህን መርጦ እዚያ ላይ።

«የእህቴ ይምጣ?» አሉ፣ ሳይደነግጡ።

በሦስተኛው ቀን ደረሰ። በሚኒባስ ሰው ይዞት ነው የመጣው፣ በአሮጌ ፎጣ ተጠቅልሎ፣ ከሁለት ኪሎ በርበሬ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ገብቶ። መሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ በርበሬ ገብቷል። ቤቱ ሁሉ እያስነጠሰ እያለ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጠረግሁት፣ ነፋሁበት፣ እንደገና ጠረግሁት። ከዚያ ሰካሁት። ትንሿ መብራት በራች፣ አያትየው ተነሱ፣ ግራ ጥግ ላይ ያች አውራ ጣት አለች። እናትየው ከኋላዬ ቆመው ለአዲሱ ዲስክ የሚሆነውን ብር እየቆጠሩ ነበር።